ዓርብ ዓርብ የሚደውለው አጎት

«አልተፈቀደልሽም።»

ሰውየው ይህን ሲላት ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። መታወቂያዋን በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋ አድርጎ መለሰላትና ከኋላዋ የተሰለፈውን ጠራ። ሩወይዳ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ምኑ ነው ያልተፈቀደልኝ?»

«የደኅንነት ማጣሪያውን አላለፍሽም።»

«ለምን?»

«ምክንያት አይነገርም።»

«ምክንያቱ ካልተነገረኝ ምኑን ላስተካክል?»

«የሚስተካከል ነገር የለም እህቴ። ቀጣይ።»

እህቴ ይላታል ደግሞ። እህቱ ብትሆን እንዲህ ባለ አፍ ይመልስላት ነበር? ሩወይዳ ከግቢው ስትወጣ ጉንጯ ይነድ ነበር። እስከ ድንበር ከተማዋ እስከ ራምሳ ድረስ ሚኒባሱ ጥግ ተቀምጣ ስድቧን ስትውጥ ሄደች።

ምን አጠፋች? ለበረራ ተቆጣጣሪነት ሲመዘግቡ ተመዘገበች። የእንግሊዝኛውን ፈተና አለፈች። የዐይንና የጆሮ ምርመራውን አለፈች። ስክሪን ፊት አስቀምጠው አውሮፕላን ከአራቱም ማዕዘን እየለቀቁ ‹ሳታጋጪ አሳርፊ› የሚሉትን ፈተና፣ ጎረምሶቹ ላብ አጥምቋቸው ሲወጡ እሷ ማስቲካዋን እያኘከች ጨርሳው ወጣች። የቀራት ይሄ ማጣሪያ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ማን ከቁም ነገር ቆጠረው? የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ልጅ ላይ መንግሥት ምን ያገኛል? ስትጠብቅ ብርዱ አለፈ፣ ወይራው አበበ። ሥልጠናው የሚጀመረው ዒድ እንዳለፈ ነው። እስከዚያ ያልተጣራ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ከርሞ ደግሞ ዕድሜዋ ከምዝገባው ገደብ ያልፋል። ያ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ አሁን ከእጇ ከወጣ ወጣ ነው።

አባቷ ፈዋዝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሴት ልጅ ብቻ ስላለችው ሰፈሩ አቡ ሩወይዳ፣ የሩወይዳ አባት፣ ነው የሚለው፤ እሱም በዚህ ስም ሲጠሩት ደረቱ ይነፋል። ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ተይው እናቴ፣ አትናደጂ። ሐጅ መሽሁር አለልን።»

ሐጅ መሽሁር የጎሳቸው ሰው ናቸው፤ በመኮንንነት ኖረው በጡረታ የወጡ፣ የማይገቡበት ቢሮ የሌለ። እዚህ አገር በፊት ለፊት የተዘጋ በር በዘመድ በኩል ይከፈታል። ሩወይዳ ይህን ነገር እንደ ጠላችው ነው ያደገችው፤ በፈተና ያለፈች ልጅ ለምን በዘመድ ትለምናለች? ዛሬ ግን አልከለከለችውም። አባቷ ለሰርግና ለለቅሶ የሚለብሳትን ካባውን ደርቦ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዙሄር ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናቷ እንዓም ግን ከማድ ቤት የተሞላ ሰሃን ይዛ ስትወጣ ደረሰች። «ዙሄር ምን?» አለች።

አባቷ ቃሉን መዋጥ ፈለገ፤ ግን አንዴ ከአፉ አምልጧል። «ምንም። ሰዎቹ የሚሉትን ነው። ከወዲያ ማዶ ከታጣቂዎቹ ጋር ነው ይላሉ። ዓርብ ዓርብ ይደውልላቸዋል፣ እነሱም ይደብቁታል ይላሉ። ሐጅ መሽሁር ከዚህ በላይ መጠየቅ አልቻሉም።»

ዙሄር የእንዓም አንድ ወንድሟ ነው። ራምሳ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን ከድንበሩ ማዶ በደርዓ መስመር የሚመላለሱትን ሹፌሮች ሰው ሁሉ ‹መርከበኞቹ› ይላቸዋል፣ ጭነው ሄደው ጭነው ስለሚመጡ። ዙሄር መርከበኛ ነበር። ጣፋጩን፣ ሳሙናውን፣ የልጅ ልብሱን ከዚያ አምጥቶ እዚህ ያራግፍ ነበር። ማዶ ተኩሱ የተጀመረ ሰሞን የአንድ ወዳጁን ቤተሰብ ላውጣ ብሎ ባዶ መኪና ይዞ ድንበሩን ተሻገረ። በዚያው ቀረ። እሱም የለ፣ መኪናውም የለ። ድንበሩ እንደ ተከፈተ ፈዋዝ ሄዶ በየሆስፒታሉ፣ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ለመነ፤ አየሁት የሚል ሰው ጠፋ። እንዓም ጥቁር አልለበሰችም። ያልቀበሩት ሰው አይለቀስም ብላ ይኸው እስከ ዛሬ በእንጥልጥል ትኖራለች። የቤቱን ስልክ እንኳ፣ ሁሉም ሞባይል ይዞ ማንም ሳይነካው፣ ዙሄር የሚያውቀው ቁጥር ነው ብላ አላስቆረጠችም።

እና አሁን ይህን ሰማች። ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ይደውላል?»

«እማዬ፣ ለእኛ ይደውላል ነው የሚሉት። ለእኛ ደውሎ ያውቃል?»

«መንግሥት ነው ያለው?»

«እንዓም፣ ወሬ ነው» አለ ፈዋዝ።

«መንግሥት ዝም ብሎ ወሬ አያወራም። ስልክ የሚጠልፉት እነሱ አይደሉም? ሰምተው ነው።» ፊቷ እየበራ፣ እንባዋ እየወረደ ነበር። «ዓርብ ጠዋት እኔ ገበያ ነኝ። ሲደውል ሳያገኘኝ ቀርቶ ይሆናል። ወንድሜን፣ ስንት ዓርብ ሙሉ ሲጠራ ኖሮ ይሆን?»

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ገበያ መሄድ አቆመች። በርጩማዋን ስልኩ ሥር አድርጋ ጠዋትም ከሰዓትም ትቀመጣለች። ሩወይዳ ይህን በየዓርቡ ታያለች። የሥራው ነገር አንድ ቁስል ነው፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይህን ውሸት የወለደው አፍ አለ፤ አፉም ሩቅ አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የተወራባቸው እነሱ ብቻ ነበሩ ያልሰሙት። ሩወይዳ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ባለ ሱቁ ወደ አቡ ነዋፍ ሄደች።

«አቡ ነዋፍ፣ ስለ እኔ የጠየቀ ሰው መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር እንጂ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙን የተላጨ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ።» አቡ ነዋፍ መቁጠሪያውን እያንከባለለ ፈገግ አለ። «ምነው፣ ቀረ እንዴ? እኔማ አሞግሼሽ ነበር። መንሰፍ ስትሠራ ጣት ያስቆረጥማል አልኩት።»

«እኔ መንሰፍ ሠርቼ አላውቅም።»

«እና ለሚያጭ ሰው እውነት ይነገራል?»

«የሚያጭ አይደለም፤ የደኅንነት ሰው ነው።»

መቁጠሪያው ቆመ። አቡ ነዋፍ ግራ ቀኙን አየ። «እኔ ከመንሰፉ በስተቀር ያልኩት የለም። ወላሂ፣ መስክሪልኝ።»

«ከዚህ ወዴት ሄደ?»

«ወደ አክስትሽ ወደ ኡም ሰጣም ነዋ። ሻይ አፍልታለት ደጅ ተቀምጠው ሲጫወቱ ነበር። እኔንማ ሁለት ጥያቄ ጠይቆኝ ነው የሄደ። ሁለት ብቻ።»

ኡም ሰጣም የፈዋዝ የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግንብ ነው። ሩወይዳ ከተወለደች ጀምሮ ስሟን ጠርታት አታውቅም፤ ‹ምራቴ› ነው የምትላት። አንድ ልጅ አላት፣ ሰጣም፣ የድንበር ጠባቂ አሥር አለቃ። በዚያ ሰፈር ደንብ ለጋብቻ የአጎት ልጅ እያለ ባዳ አይቀድምም፤ ኡም ሰጣም ደግሞ ደንቡን ሥጋዋ ውስጥ ነው የያዘችው። ሩወይዳ ስትገባ መሬት ተቀምጣ ዝኩኒ እየፈለፈለች ነበር።

«አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ምን አለሽ?»

«የትኛው?» አለችና ሳቀች። «ኧረ ያንን ነው? አባረርኩልሽ።»

«እንዴት አባረርሽው?»

«እንዴት ነው እንዴ? በብልሃት ነዋ።» ኡም ሰጣም ቢላዋዋን አስቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች፤ ወሬው ራሱ አፏ ላይ ይጥማታል። «ስለ ጠባይሽ ክፉ አልወጣኝም፣ ምላሴን ይቁረጠው። ጨዋ ናት፣ ሰላቷን አታጓድልም አልኩት። ማን ይመጣል፣ ማን ይሄዳል ሲለኝ ዝም ብዬ ስመልስለት ቆየሁ። ቀስ አለና ‹የእናቷ ወንድምስ ምን ዓይነት ሰው ነው?› አለኝ። ያኔ ገባኝ። ልጅ ከሦስት ሁለት እጁ የእናቱን ወንድም ነው የሚመስለው፤ ሊያገባ የመጣ ካልሆነ ማን ስለ እናት ወንድም ይጠይቃል? ዙሄር ትዝ አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ያው ነዋ። ከታጣቂዎቹ ጋር ነው፣ ዓርብ ዓርብ ይደውልላቸዋል፣ ነገ ተነሥቶ ቢመጣ ማን ያውቃል አልኩት። እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ የሚያገባ ወንድ ከየት ይመጣል? ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ።»

«አክስቴ፣ ሰውየው ከደኅንነት ቢሮ ነው የመጣው። ለሥራዬ ሊያጣራ። ያልሽውን አንድ በአንድ ጽፎት፣ በዚህ ተጣልኩ።»

ኡም ሰጣም መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ አመነች። ከዚያ ዝኩኒውን አንሥታ እንደገና መፈልፈል ጀመረች።

«እኔ ምን አውቄ። ግንባሩ ላይ አልተጻፈበት።»

«እሺ፣ አላወቅሽም። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ዋሽቼ ነው ትያለሽ።»

«አብደሻል? መንግሥት ፊት ቆሜ መንግሥትን ዋሸሁ ልበል? እዚያው ቢያስቀሩኝስ? በዚህ ዕድሜዬ!»

«እናቴ ስልክ ሥር ተቀምጣለች። ወንድሜ ይደውላል ብላ ምሳዋን እንኳ እዚያው ነው የምትበላው።»

«ተስፋ ምን ይጎዳል? የሞተ ከምትለው ይሻላል።» ኡም ሰጣም አሁን ነፍሷ መለስ ብሏል። «ደግሞስ ምን ጎደለብሽ? ሰጣም አለልሽ። ማማ ላይ ተንጠልጥለሽ የሰው አውሮፕላን ከምትጠብቂ የራስሽን ቤት ብትጠብቂ አይሻልም? አላህ የዘጋውን በር አትደብድቢ።»

አላህ ዘጋው አለች። እዚያው ደጇ ላይ ሻይ እያቀረበች የዘጋችውን በር ለአላህ ሰጠችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ኡም ሰጣም ግን ልታሸው እንኳ አልፈለገችም። ሩወይዳ በዚያች ደቂቃ የዝኩኒውን ትሪ አንሥታ ግንቡ ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ይላት ነበር። አላደረገችውም። ይልቅ ደሟ እንደ ፈላ፣ ድምፅዋ ግን ዝግ ብሎ፣ «እሺ» አለች። «ሰጣምን አገባለሁ። ለአባዬ ንገሪው።»

ኡም ሰጣም እልልታዋን ስትለቀው አቡ ነዋፍ ከሱቁ ወጥቶ አየ።

ኡም ሰጣም የወታደር እናት ሆና ሳለ ያልታሰባትን ነገር ሩወይዳ አስባዋለች። ወታደር ዝም ብሎ አያገባም። የሙሽራዋን ስም ለአዛዡ ይሰጣል፣ ስሙ ወደዚያው ቢሮ ይሄዳል፣ እዚያው ወንፊት ላይ ይወድቃል። ወንፊቱ እሷን አንዴ ጥሏታል፤ ሁለተኛ ያሳልፋታል? ኡም ሰጣም የቆፈረችው ጉድጓድ የራሷ ልጅ እግር ሲገባበት ያኔ ቃሏን ልታጥፍ ወደ ቢሮው እንደ ዶሮ ትሮጣለች ብላ ነው። አባቷ «ከልብሽ ነው?» ብሎ ሦስቴ ጠየቃት፤ ሦስቴም አዎ አለችው። ለእናቷም ያው ነው፤ እናቷ ግን ‹ሰርጉ ዓርብ እንዳይሆን ብቻ› አለች።

ሰጣም ደጉ ልጅ ጓዶቹን ሁሉ ባቅላዋ ጋብዞ ስሟን ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ አዛዡ ጠራው። በዕረፍቱ ቀን የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ፣ እናቱ ቤት ሳይገባ፣ እነ ሩወይዳ ግቢ ገብቶ የወይኑ ሐረግ ሥር ተቀመጠ።

«እምቢ አሉ» አለ። «እምቢ ማለታቸው አይደለም የከፋው። እንዲህ ያለ ዘመድ እንዳለህ ለምን ደበቅህ ብለው አንድ ቀን ሙሉ አፋጠጡኝ። ማዕረጌንም አገዱት። ዙሄር ይደውላል ይላሉ። ከየት ያመጡት ነገር ነው?»

«ከእናትህ።» ነገረችው፤ ሁሉንም፣ ሻዩንም ዝኩኒውንም።

ሰጣም ቆቡን በእጁ እያዞረ አዳመጠ። ስትጨርስ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ግን እምቢ አሉ ስልሽ አልደነገጥሽም። እሺ ያልሽው እንዲህ እንዲሆን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ብትነግሪኝ እኮ እናቴን እጇን ይዤ እወስዳት ነበር።»

«ብነግርህ እናትህን ነበር የምትመርጠው።»

«ይሆናል» አለ ሰጣም። «ግን መጠየቅ ነበረብሽ። እኔ ምን አደረግሁሽ?»

ማፈር ነበረባት፤ ትንሽም አፈረች። ንዴቷ ግን ገና ብዙ ነበር፣ ኀፍረቱን ዋጠው። ሰጣም ተነሥቶ ግንቡን ዞሮ እናቱ ቤት ገባ። በዚያ ቀን የተነሣውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰማው፤ ሰጣም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰው የሰማው ያን ዕለት ብቻ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ኡም ሰጣም ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዐይኗ አብጦ፣ የእነ ሩወይዳን በር አንኳኳች።

ቢሮው ውስጥ የተቀበላቸው ሰው የመስኮቱ ሰውዬ አልነበረም። በዕድሜ ጠና ያለ፣ ለስላሳ፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ነው። ኡም ሰጣም እየማለች፣ እያለቀሰች ተናገረች። ሰውየው እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ያኔ ለምን ዋሹ?»

«ለልጄ ሚስት እንድትሆንልኝ ብዬ።»

«አሁንስ ይህን ሊሉኝ ለምን መጡ?»

ኡም ሰጣም አሰበች። «ለልጄ ሚስት እንድትሆንልኝ ብዬ» አለች።

ሰውየው ሳቅ አለ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። «እንግዲህ እናቴ፣ የትኛውን ልመን? ያኔም ለልጅዎ፣ አሁንም ለልጅዎ።» ወደ ሩወይዳ ዞረ። «የተጻፈ ነገር በእሷ ቃል አይሰረዝም። የሰውየው እኅት ትምጣና ወንድሟ እንደማይደውል፣ በሕይወት መኖሩንም እንደማታውቅ ራሷ ቃሏን ሰጥታ ትፈርም። ያኔ እንደገና እናየዋለን።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንዲት ሴት ደጅ ተቀምጣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጻፈችውን፣ ያችው ሴት መጥታ በእንባ ማስሰረዝ አልቻለችም። ሲጻፍ ማንም ‹ለምን ትዋሻለሽ› አላላትም፤ ሲሰረዝ ነው ጥያቄው የመጣው። ሩወይዳ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ረመዳን ሊያልቅ ነው። ዒድ ደርሷል።

ለእናቷ እውነቱን ነገረቻት። ኡም ሰጣም ራሷ ጎኗ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ «እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ይቅር በይኝ» አለቻት። እንዓም ሁለቱንም ሰማቻቸው፤ አልተቆጣችም።

«አንቺ ፈጥረሽው ይሆናል» አለች ለኡም ሰጣም። «እነሱ ግን ያንቺን ወሬ ብቻ ይዘው አይጽፉም። ማጣሪያ ነው የሚሉት። አጣርተው ነው።»

«እማዬ፣ አላጣሩም። ያጣሩት ነገር የለም። ይሄው ነው ሥራቸው።»

«ነገ ልሂድ። እኔው እጠይቃቸዋለሁ።»

በማግሥቱ የዒድ ልብሷን ለብሳ፣ የዙሄርን ፎቶ በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። ያ ለስላሳ ሰውዬ ወንበር ሳበላት። ከመቀመጧ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ዙሄር መኪናውን ተደግፎ ይስቃል።

«ልጄ» አለችው፣ «የሰማችሁትን ንገረኝ። ድምፁ ደኅና ነው?»

ሰውየው ፎቶውን አየ፣ ሩወይዳን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ ያለንን መረጃ መናገር አንችልም።»

እንዓም ወደ ልጇ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን ሩወይዳ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። «አየሽ? መረጃ አላቸው።»

«የለንም ይበሏት» አለች ሩወይዳ። «አንድ ቃል ናት። የለንም ይበሏት።»

«እሱንም መናገር አልችልም።»

«ኖሮዎት ነው? የጎረቤት ሐሜት እኮ ነው ያለዎት፤ ሻይ ጠጥታችሁ የጻፋችሁት! በዚህች ሴትዮ ፊት ምንም የለንም ማለት ምኑ ነው የአገር ምስጢር?»

«እህቴ፣ ደንብ ነው።» ድምፁ አልተለወጠም። መጥፎ ሰው ቢሆን ምናለ፤ መጥፎ ሰው ይሰደባል። ይህ ግን ወንበር የሚስብ፣ ደንቡን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ስድብ አይዘውም። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ጋር ወደ እንዓም አስጠጋ።

እንዓም እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እስክሪብቶውን አየችው። «ወንድሜ አይደውልም ብዬ ልፈርም? ነገ ቢደውልስ? እኅቴ ካደችኝ አይልም?»

«እማዬ፣ ዒድ ደርሷል። ቦታዬን ይሰጡብኛል።»

«አንቺ ወጣት ነሽ። ሥራ ሌላ ይመጣል። ወንድም ግን አይመጣም።»

ሩወይዳ የመስኮቱን ሰውዬ ተናድዳበታለች። አክስቷን ተናድዳባታለች። ይህንን ለስላሳ ሰውዬ እየተናደደችበት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ላይ ንዴቷ ምንም አላመጣላትም፤ እንደ ድንጋይ ነጥሮ ወደ ራሷ ተመለሰ። አሁን ከፊቷ የቀረችው እናቷ ብቻ ነበረች። አንዲት ፊርማ ናት። አንዲት ፊርማ እንዴት ትነፍገኛለች ስትል አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ሞቷል እማዬ።»

እንዓም አልሰማችም መሰለ።

«ዙሄር ሞቷል። አባዬ ደርዓ የሄደ ጊዜ መቃብሩን አይቶት መጥቷል። ታዝኛለሽ ብለን ደብቀንሽ ነው።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ያዘ። ሩወይዳ አባቷ ያየው መቃብር እንደሌለ፣ ያገኘው ሰው እንደሌለ፣ ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ ታውቃለች። የአክስቷን ውሸት ስትጸየፍ የከረመች ልጅ፣ ከዚያው ጠፍቶ ከቀረ ሰው ላይ ሌላ ውሸት ቆርሳ ወሰደች። እሱም መልሶ መናገር አይችልም።

«አባትሽ አይቶታል?» አለች እንዓም።

«አይቶታል።»

«በዐይኑ?»

«በዐይኑ።»

«እንደዚያ ከሆነማ ይቀላል» አለ ሰውየው፣ ለስላሳ እንደ ሆነ። «ሞቷል ብለው ይፈርሙልኝ፤ ያልቃል።»

እንዓም ፎቶውን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ፈረመች። ቀስ ብላ፣ ስሟን ሙሉውን ጽፋ ፈረመች። እስከ ቤት ድረስ አላለቀሰችም፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መሬት ተቀመጠችና የሰፈሩ ሴት ሁሉ እስኪወጣ ጮኸች።

ፈዋዝ ነገሩን ከልጁ አፍ ማድ ቤት ቆሞ ሰማ። ሲወጣ ወንዶቹ ‹መቃብሩ የት ነው?› ብለው ጠየቁት፤ መሬት መሬት እያየ «ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ሩቅ ነው» አላቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ ልጁን ‹እናቴ› ብሎ አልጠራትም፤ በስሟ ብቻ ነው።

መንገዱ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ቴምር በሰሃን ዞረ። በዒድ ሰሞን ለቅሶ ተቀመጡ። ኡም ሰጣም እጅጌዋን ሰብስባ መንሰፉን ስትሠራ፣ እንግዳ ስትቀበል ዋለች፤ ሩወይዳን ባየች ቁጥር ዐይኗን ትሰብራለች። ሰጣም ወንዶቹ መሐል ነበር፤ ለሰርጉ የተገዛው ቀለበት ተመልሷል።

የሩወይዳ ሞባይል የጠራው ሴቶቹ ባሉበት ክፍል በር ላይ ቆማ ውሃ እያቀረበች ሳለ ነው። የመስኮቱ ሰውዬ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን አጭር ነበር።

«ማጣሪያውን አልፈሻል። ሥልጠናው ላይ እንዳትቀሪ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው። እጇ ላይ የውሃው ትሪ አለ። ያን ሁሉ ወር የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ ለማን እንደምትናገረው ግን አላወቀችም።

ውስጥ ከኢርቢድ የመጣች አንዲት ዘመድ እንዓምን አቅፋት ተቀምጣ ነበር። «አላህ ይዘንለት» አለቻት። «ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመሽው። ማን አረዳሽ?»

እንዓም ጥቁሯን ሳብ አድርጋ ቀና አለች። በሩ ላይ ልጇን አየቻት። ድምፅዋ ቂም የለበትም፤ የምታመሰግን ድምፅ ነበር።

«ልጄ ናት ያረዳችኝ» አለች። «ሌላው ሁሉ ደበቀኝ። እሷ ግን አልዋሸችኝም።»